ሃቫና ሦስት መቶ ባቄላ ነው

ከአዲስ አበባ እስከ ሃቫና ያለው የአየር ርቀት አሥራ ሁለት ሺህ ሰባት መቶ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ይህን የምለው አዋቂ ለመምሰል አይደለም። ሥራዬ ነው፤ ከአንዱ አውሮፕላን ማረፊያ እስከ ሌላው ያለው ርቀትና ሰዓት የሚሰላበት ቢሮ ውስጥ ዕድሜዬን ፈጅቻለሁ። እውነቱን እንናገር ከተባለ ግን ያንን መንገድ መጀመሪያ ያወቅሁት በኪሎ ሜትር ሳይሆን በባቄላ ነው። ያኔ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር፤ ዘመኑም ሺህ ዘጠኝ መቶ ሰባ አምስት፣ አገሩ ሞላሌ።

እኅቴ ኮከቤ በዚያ ዓመት ደብረ ብርሃን አሥራ ሁለተኛ ክፍልን ጨርሳ፣ መንግሥት ነርስነት እንዲማሩ ወደ ኩባ ከሚልካቸው ልጆች ጋር ስሟ ወጣ። ወሬው ቤታችን ሲደርስ ሰው ሁሉ ደስታና ለቅሶ ተደባለቀበት። ኩባ የት እንደሆነ የሚያውቅ የለም። ባሕር ማዶ መሆኑ ብቻ ይወራል። እኔ ስለ ኩባ ደንታም አልነበረኝ፤ የኔን ልብ የሰረቀው አውሮፕላኑ ነው። አንዳንድ ቀን በሰማያችን ላይ ነጭ መስመር እየሳለ የሚያልፈው ያ ኢምንት ነገር ሆዱ ውስጥ ሰው አለ ሲሉኝ አላምንም ነበር። አሁን ደግሞ ያ ሰው ፀጉሬን የምትሠራኝ ኮከቤ ልትሆን ነው።

አባቴ መሪጌታ ኪዳነ ወልድ የደብራችን መሪጌታ ነበሩ። ውሸት አያውቁም። ይህን ልጃቸው ስለሆንኩ አይደለም የምለው፤ የቀበሌው ፍርድ ሸንጎ እንኳ የሳቸውን ቃል ከሰማ በኋላ ሌላ ምስክር አይጠራም ነበር። እናቴ ጠጄ ደግሞ አንድ ነገር ከአፏ ከወጣ የሚመልሳት የለም። ኮከቤ የምትሄድበት ቀን ጥቅምት ዘጠኝ መሆኑን፣ አውሮፕላኑም ጎሕ ሲቀድ እንደሚነሣ ከአዲስ አበባ ጽፋ የላከች ዕለት፣ እናቴ ግድግዳው ላይ ከተሰቀለችው የእመቤታችን ሥዕል ፊት ቆመች። ጎረቤታችን እትዬ አልጣሽ አጠገቧ ነበረች።

«ልጄ ሰማይ ላይ ተንጠልጥላ እኔ መሬት ላይ አልቀመጥም» አለች። «እግሯ ምድር እስኪረግጥ እህል ውሃም አልቀምስም።»

ስእለት ነው፤ ተባለ፣ አበቃ። እትዬ አልጣሽ አንገቷን ደፋች። እኔ የእናቴ ንግግር ደስ አለኝ። ቆንጆ ነገር የተናገረች መሰለኝ።

እናቴ ያኔ ስምንት ወሯ ነበር። ሕፃን እንደሚመጣ አውቃለሁ። ሳይመጣ ሊቀር እንደሚችል ግን ማንም አልነገረኝም። ከኔ በኋላ ሁለቱ እንዲያ ሳይመጡ ቀርተዋል። ያንን ያወቅሁት ራሴ ካገባሁ በኋላ ነው።

በማግሥቱ እትዬ አልጣሽ አባቴን በረት አጠገብ ይዛቸው ቆማ ስታወራ ሰማሁ።

«መሪጌታ፣ ይቺ ሴትዮ ቆማ አትውልም። ያለፈውን ረሱት እንዴ?»

«ምን ላድርግ? የንስሐ አባቷ ከስእለቱ ልፍታሽ ብለዋት እንቢ ብላለች።»

«ስንት ሰዓት ነው ታዲያ መንገዱ?»

«እሱን ነው የማላውቀው» አሉ አባቴ።

መሪጌታ ኪዳነ ወልድ አላውቅም ሲሉ የሰማሁት ያን ቀን ብቻ ነው። ባሕረ ሐሳብ አዋቂ ናቸው፤ ፋሲካ ከሃምሳ ዓመት በኋላ በየትኛው ቀን እንደሚውል በጣታቸው አንጓ ቆጥረው ይነግሯችኋል። የአውሮፕላን መንገድ ግን በጣታቸው አንጓ ውስጥ አልነበረም።

ስለዚህ መምህር መኳንንት ዘንድ ሄድን። መምህር መኳንንት የሞላሌ ትምህርት ቤት የሒሳብ አስተማሪዬ ነው፤ የአዲስ አበባ ልጅ፣ ብርድ የማይችል፣ ጥቅምትን በሁለት ካፖርት የሚያሳልፍ። ክፍሉ ውስጥ የዓለም ካርታ ተሰቅሏል። አባቴ ከእናቴ እንዝርት የቆረጡትን ጥቁር የበግ ጠጉር ፈትል ከኪሳቸው አወጡ። መምህሩ የፈትሉን አንድ ጫፍ አዲስ አበባ ላይ በጣቱ ተጫነ፤ አባቴ ሌላውን ጫፍ ይዘው ወደ ግራ ሄዱ፣ ሄዱ፣ ሄዱ። ሱዳን ታለፈ። ቢጫው በረሃ ታለፈ። ከዚያ ሰማያዊው መጣ፤ አባቴ እዚያ ላይ ቆሙ።

«ይህ ሁሉ ውሃ ነው?»

«ውሃ ነው መሪጌታ።»

«በመካከሉ ማረፊያ የለውም?»

«የለውም» አለ መምህሩ። በካርታው ላይ ያልታየው ነገር ያለ አልመሰለውም።

ፈትሉ ሃቫና ደረሰ። መምህሩ ከካርታው ግርጌ ባለው መለኪያ ላይ ዘርግቶ ለካውና «አሥራ ሦስት ሺህ አምስት መቶ ኪሎ ሜትር» አለ። አውሮፕላን በሰዓት ዘጠኝ መቶ ይሄዳል። ጥቁር ሰሌዳው ላይ አካፈለው። አሥራ አምስት ሰዓት ወጣ።

እኔ እግሬ መሬት ላይ መሆኑን ረሳሁ። አባቴ በወጣትነታቸው ከሞላሌ አዲስ አበባ ስምንት ቀን ሄደዋል። ኮከቤ ደግሞ በጥቂት ሰዓት ውስጥ ከዓለም ጫፍ ዓለም ጫፍ! መምህሩን ሦስት ጊዜ ጠየቅሁት፤ ሦስት ጊዜም አሥራ አምስት አለኝ። ቀና ብዬ አባቴን ሳያቸው እንደኔ የተደነቁ መሰለኝ።

«አሥራ አምስት ሰዓት ቆማ» አሉ ለራሳቸው፣ ቀስ ብለው።

ዛሬ ያን ስሌት ብታመጡልኝ እመልሰዋለሁ። ምድር ድቡልቡል ናት፤ ጠፍጣፋው ካርታ ስምንት መቶ ኪሎ ሜትር ጨምሮብናል። ግን በፈትል ለለኩ ሰዎች ስምንት መቶ ምንም አይደለም፤ አሁንም ሳስበው ይገርመኛል።

ቤታችን ሰዓት አልነበረም። አባቴ የመምህሩን የእጅ ሰዓት ተውሰው ጸሎት ለኩበት። በመቁጠሪያ አርባ አንድ ጊዜ «እግዚኦ መሐረነ ክርስቶስ» በዝግታ ሲባል ሦስት ደቂቃ ይፈጃል። በሰዓት ሃያ ዙር፤ በአሥራ አምስት ሰዓት ሦስት መቶ ዙር። እንግዲህ ሦስት መቶ ባቄላ ቆጥረሽ ሰፌድ ላይ አድርጊ ተባልኩ። አንድ ዙር ባለቀ ቁጥር አንዱን ባቄላ ከሰፌዱ አንሥቼ ቅል ውስጥ እከታለሁ። ባቄላው ሲያልቅ ኮከቤ ደርሳለች፤ እናቴም ትቀመጣለች።

መምህር መኳንንት ደግሞ አንድ ባቄላ አርባ አምስት ኪሎ ሜትር መሆኑን ነገረኝ። ይህን ባይነግረኝ ደግ ነበር። አርባ አምስት ኪሎ ሜትር ማለት ከሞላሌ መሐል ሜዳ ደርሶ መልስ ነው። አዲስ አበባ ስድስት ባቄላ ነው። ሌሊቱን ባቄላዎቹን እያገላበጥኩ ሳያቸው አደርኩ። ከዚያ ወዲያ ጸሎቱ የአውሮፕላኑን ሰዓት የሚቆጥር ብቻ አልመሰለኝም፤ አውሮፕላኑን የሚያስኬደው እሱ ነው አልኩ። መሪጌታ ይጸልያሉ፣ እኔ ባቄላ አነሣለሁ፣ ኮከቤ አርባ አምስት ኪሎ ሜትር ትሄዳለች። ከዚህ የበለጠ ግልጽ ነገር አልነበረም።

ጥቅምት ዘጠኝ ጎሕ ሲቀድ ተጀመረ። እናቴ መቋሚያ ብብቷ ሥር አድርጋ መሀል ቤት ቆመች። አጎዛው እንዳያጓጓት ተጠቅልሎ ጓዳ ገብቷል። አባቴ ከፊቷ ቆሙ፤ ድምፃቸው ገና ትኩስ ነው። እኔ ሰፌዱና ቅሉ መካከል ተንበረከክሁ። መምህሩ በወረቀት ጽፎ ሰጥቶኛል፤ ሃያ ሁለተኛው ባቄላ ላይ ካርቱም፣ ከዚያ በረሃ፣ መቶ አርባኛው ላይ ባሕር።

ሰው እየመጣ ያያል። «የትምወርቅ፣ እኅትሽ የት ደረሰች?» ይሉኛል።

«ሱዳንን አልፋለች።»

«እቴ፣ ገና ረፋድ እኮ ነው» ይላሉ፤ ያማትባሉ፤ አንዳንዱ አብሮ «እግዚኦ» እያለ ጥቂት ቆሞ ይሄዳል። በሕይወቴ እንዲያ ተከብሬ አላውቅም። ቀትር አልፎ ሰባት ሰዓት ሲሆን መቶ አርባኛውን አነሣሁና «ባሕር ገባች» አልኩ። እናቴ መቋሚያዋን አጥብቃ ያዘች።

ከሰዓት በኋላ የእናቴ ከንፈር ነጣ። ጉልበቷ ሲከዳት እትዬ አልጣሽ ወገቧን ይዛ ታቆማታለች። አባቴ ድምፃቸው ሻክሮ ሊዘጋ ደርሷል። ወደ አሥር ሰዓት ላይ እትዬ አልጣሽ ወደ አባቴ ጆሮ ጠጋ ብላ፣ «ከዘጠኝ ሰዓት ጀምሮ ዝም ብሏል፤ አይሰማትም» አለቻቸው። ምኑ ዝም እንዳለ አልገባኝም፤ ውጭ ያለው ነፋስ መሰለኝ። አባቴ ግን ቀኑን ሙሉ ያልሳቱትን ቁጥር ሳቱ፤ ወደ ኋላ ተመልሰው ጀመሩ።

ቀጥሎ የሆነውን ያየሁት እኔ ብቻ ነኝ። አባቴ ጎንበስ አሉ፤ ግራ እጃቸው ሰፌዱ ላይ ወርዶ ተጨበጠ፤ ተመልሶ ጋቢያቸው ሥር ገባ። ከጥቂት ዙር በኋላ ደግመው አደረጉት። ምላሳቸው ከጸሎቱ አላቋረጠም። መጀመሪያ ርቧቸው ጥሬውን ሊቆረጥሙ መሰለኝ። አዘንኩላቸው፤ አይቼ እንዳላየ ሆንኩ።

ፀሐይ ስትጠልቅ የመጨረሻውን ባቄላ ቅል ውስጥ ጣልኩ።

«ባቄላው አለቀ» አሉ አባቴ።

ደረሰች አላሉም። ያን ጊዜ ልዩነቱ አልገባኝም። እናቴ በሩ ላይ የቀረውን ብርሃን አየች፤ መልሳ አባቴን አየች፤ ረጅም ጊዜ። ከዚያ ተቀመጠች። እትዬ አልጣሽ ውሃ አጠጣቻት፣ አጥሚት አቀረበችላት፤ ሴቶቹ እልል አሉ። አባቴ ጋቢያቸውን ተከናንበው፣ ምንም ሳይቀምሱ፣ ወደ ቤተ ክርስቲያን ሄዱ። እራት ላይም አልመጡም። እኅቴ ስለሄደች ከፍቷቸው ይሆናል አልኩ።

ሰዉ ሲበታተን ቅሉን ገልብጬ ቆጠርኩ። ሁለት መቶ አርባ ሦስት። ደግሜ ቆጠርኩ፣ ያው ነው። ሃምሳ ሰባት ጎድሏል። ሃምሳ ሰባትን በአርባ አምስት አባዛሁ፤ አመድ ላይ በጣቴ ጻፍኩት፤ ሁለት ሺህ አምስት መቶ ስድሳ አምስት ኪሎ ሜትር። ኮከቤ ያለችው ማረፊያ የሌለው ውሃ ላይ ነው። መንገዷን አባቴ ጋቢያቸው ሥር ይዘውባት ሄደዋል።

እንዲያ ፈርቼ አላውቅም። ለማንም ልነግር አልችልም። ብናገር እናቴ ተነሥታ ትቆማለች፤ አባቴም ውሸታም ይባላሉ። በማግሥቱ ጠዋት ሃምሳ ሰባት ባቄላና የእናቴን መቁጠሪያ ይዤ፣ ከቤታችን በላይ ወዳለው የጓሳ ሣር ሜዳ ወጣሁ። እንደ እናቴ ቆምኩ። አርባ አንድ ጊዜ «እግዚኦ መሐረነ ክርስቶስ»፣ አንድ ባቄላ። ውርጩ ገና አልረገፈም፤ እግሬ ደነዘዘ። በየባቄላው ወደ ሰማይ እያየሁ፣ እዚያ ማዶ አንድ ትልቅ ነገር ከቆመበት ተነቃንቆ ሲሄድ ይሰማኝ ነበር። በቃሌ እየገፋሁት ነበር! ቀትር ላይ ሃምሳ ሰባተኛው አለቀ። ደረሰች አልኩ፣ ጮክ ብዬ፣ ለሜዳው።

ከሦስት ሳምንት በኋላ እናቴ ወንድ ልጅ ወለደች፤ ትንሽ፣ ግን ጯሂ። አባቴ መርስዔ ኃዘን ብለው ስም አወጡለት። ሐዘን የሚያስረሳ ማለት ነው። የምን ሐዘን ብዬ አልጠየቅሁም።

የኮከቤ ደብዳቤ የደረሰው ታኅሣሥ ውስጥ ነው። አባቴ መደቡ ላይ ተቀምጠው ድምፃቸውን ከፍ አድርገው አነበቡልን። ሰላምታው ረጅም ነው፤ ከብቶቹ ሁሉ በስማቸው ተጠይቀዋል። ከዚያ እንዲህ ይላል፦ «ጉዟችን በደኅና ነበር። ነገር ግን አውሮፕላኑ በባሕሩ መካከል ባለች አንዲት ደሴት ላይ አወረደንና አንድ ሌሊትና ግማሽ ቀን ቆየን። ለምን እንደቆምን አልነገሩንም። ከዚያ ተነሥተን ሃቫና በሰላም ገባን።»

አባቴ እዚህ ላይ ቆሙ። ያችን መስመር በዓይናቸው ደገሟት። እናቴ ሕፃኑን ታቅፋ ተነሥታ ወደ ጓዳ ገባች። ሁለቱንም ደስታ ያስለቀሳቸው መሰለኝ። እኔማ ወዲያው በልቤ አሰላሁት። አንድ ሌሊትና ግማሽ ቀን! ፀሐይ ስትጠልቅ ቆመ፣ እኔ ቀትር ላይ ስጨርስ ተነሣ። አንዲት ደቂቃ አልተዛነፈም። አባቴ አውሮፕላን አቆሙ፤ እኔ የትምወርቅ፣ ዘጠኝ ዓመቴ፣ አስነሣሁት።

ይህን ለማንም ሳልነግር አደግሁ። ሌላው ልጅ ሲፎክር እኔ ዝም እላለሁ፤ ውስጤ ግን አውሮፕላን ያስነሣች ሴት ነበርኩ። ይህን ሥራ የመረጥኩት ለምን እንደሆነ ሰው ሲጠይቀኝ ሌላ ሌላ ምክንያት እሰጣለሁ።

በ1988 ቢሮው በገባሁ በመጀመሪያው ወር፣ የድሮ መስመሮችን ከሚያውቁ አንድ ሽማግሌ ባልደረባ ጋር ተቀምጬ ያን በረራ ፈለግሁት። ያን ጊዜ የነበረው አውሮፕላን ያን ውቅያኖስ በአንድ የነዳጅ ሙሌት አይሻገርም። መሀል ባለችው ደሴት ላይ ነዳጅ ይቀዳል፣ አብራሪዎቹም ያርፋሉ፤ ከመነሣቱ በፊት በዕቅድ ተጽፎ ያደረ ነገር ነው። ደሴቲቱም ከሃቫና አምስት ሺህ ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች፤ ሃምሳ ሰባት ባቄላዬ ከነጭራሹ አይደርስም። ሳቅሁ። ከሳቁ በኋላ ግን ቅር አለኝ፤ አንድ የኔ የሆነ ነገር የተወሰደብኝ መሰለኝ። ስለዚህ ለማንም አልተናገርኩም። ለአባቴም ቢሆን።

አባቴ በ1996 ሰኔ ላይ ዐረፉ።

ባረፉ በሰባተኛው ዓመት በጥቅምት እናቴን ልጠይቅ ሞላሌ ወረድሁ። የምትወደውን ዳቦ ይዤላት ነበር። ቀኑ ረቡዕም ዓርብም አይደለም። ዳቦውን ከጎኗ አስቀመጠችው።

«ብዪ እንጂ እማዬ።»

«ዛሬ አልበላም።»

«ምን ጾም ነው ደግሞ?»

«ጥቅምት ዘጠኝ ነው» አለች። «አባትሽ እስኪሞቱ ድረስ በየዓመቱ ይህን ቀን እህል ውሃ ሳይቀምሱ ቆመው ይውሉ ነበር። ልብ አላልሽም? አሁን እኔ ተክቻቸዋለሁ።»

ልብ ብዬ ነበር። የአንድ ቅዱስ መታሰቢያ መስሎኝ ነው። አንድ ጊዜም የየትኛው ቅዱስ ነው ብዬ ጠይቄያቸው፣ «የራሴ ጉዳይ ነው፣ ልጄ» ብለውኛል።

እናቴ ያን ጊዜ ነገረችኝ። ሃያ ስምንት ዓመት የያዘችውን እንደ ቀላል ነገር አድርጋ ነገረችኝ። ሆዷ ውስጥ ያለው ዝም ሲልባት አባቴ ባቄላ እንዳነሡ ገብቷታል። «ከጎሕ እስከ ምሽት አሥራ ሁለት ሰዓት መሆኑን ማን ያጣዋል? አሥራ አምስት አለመሙላቱን እያወቅሁ ተቀመጥሁ። አባትሽም ቤተ ክርስቲያን ሄደው የቀረውን ቆመው ጨረሱ። ሞላ ብለን ነበር። ከዚያ ደብዳቤው መጣ። እኔ ስእለቴን ስላፈረስሁ አውሮፕላኑ ቆመ አልኩ። እሳቸው በጸሎት ላይ ስላታለልሁ ነው አሉ። ማንኛችን እንደሆንን ሳንለይ ኖርን።»

እኔም የኔን ነገርኳት፤ የጓሳውን ሜዳ፣ ሃምሳ ሰባቱን። አፏን በነጠላዋ ይዛ ሰማችኝ። ከዚያ የነዳጁን ነገርኳት። ቀስ አድርጌ፣ ሁለት ጊዜ። እኛ ብንጸልይ ባንጸልይ፣ ብትቀመጥ ብትቆም፣ እዚያ ደሴት ላይ ማረፉ የማይቀር መሆኑን።

ነጠላዋን ከአፏ አወረደች።

«መቼ ነው ይህን ያወቅሽው?»

«ሥራ እንደገባሁ።»

በጣቷ ቆጠረች፤ እንደ አባቴ በአንጓዋ። ስምንት ላይ ቆመች።

«ስምንት ዓመት በሕይወት ነበሩ» አለች።

የልጅነቴን ኩራት ላለማጣት ብዬ አንዲት ቃል ሰሰትሁ፤ አባቴ ያችን ቃል አጥተው ስምንት ጥቅምት ቆመው ዋሉ። ብቻዬን የማውቀው ምስጢር መስሎኝ ነበር። ፊቴን እጄ ውስጥ ቀብሬ አለቀስኩ።

እናቴ አልተቆጣችኝም። ዳቦውን ወደ ራሷ ሳበች፣ ቆረሰች፣ በላች። እየበላች «ሂጂና ንገሪያቸው» አለችኝ።

«ማንን?»

«አባትሽን ነዋ። ያሉበትን ታውቂው የለ።»

ሄድኩ። መቃብራቸው ከቤተ ክርስቲያኑ በስተ ምሥራቅ፣ ከጥዱ ሥር ነው። አንድ ዲያቆን በአጠገቤ ሲያልፍ የምጸልይ መስሎት ድምፁን ቀነሰ። ምን ብዬ እንደምጀምር አላወቅሁም፤ ስለዚህ በማውቀው ጀመርኩ።

«አባባ» አልኩ፣ «ከአዲስ አበባ ሃቫና አሥራ ሁለት ሺህ ሰባት መቶ ኪሎ ሜትር ነው። የዚያን ጊዜው አውሮፕላን በአንድ ሙሌት ያን ያህል አይሄድም። እርስዎ አንድም ባቄላ ባያነሡ ኖሮ እዚያው ደሴት ላይ ያርፍ ነበር። ነዳጅ ሊቀዳ ነው የቆመው፣ አባባ። ነዳጅ ሊቀዳ ነው።»